ዘግይቶ ያነሳው ካሜራ

በዚያ ጠዋት ድንበሩ ላይ የነበርነው አምስት ሰዎች ነን። ታላቅ ወንድሜ ሄራሞ ድንበሩን ከሚያሳዩት የኮርች ዛፎች ረድፍ ወዲህ፣ በራሱ እንሰት ጥላ ሥር፣ ዱላውን ተደግፎ ቆሟል። ልጁ ታምራት ዶማ በትከሻው ይዞ ከአባቱ ኋላ ነው። ጎረቤታቸው ላምቤቦ ከረድፉ መሃል፣ ኮርቹ በድርቅ በሞተበት ክፍተት ላይ ተንበርክኮ የእንሰት ችግኝ ይተክላል። የላምቤቦ ልጅ ዮሐንስ ከአባቱ ራቅ ብሎ፣ ጀርባውን ለእኛ ሰጥቶ፣ እሱም በዶማ ጉድጓድ ይቆፍራል። እኔ ከአጥሩ መግቢያ አጠገብ ካሜራዬን በሁለት እጄ ይዤ ቆሜአለሁ። ሌላ ሰው አልነበረም። በኋላ "እኔም ነበርኩ፣ በዓይኔ አይቻለሁ" ያሉ ብዙ ናቸው። አልነበሩም።

ያኔ ጡረታ ከወጣሁ ብዙም አልቆየሁም። ሆሳዕና ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ነበር የሠራሁት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ ከዚያ አላለፍኩም። ባለቤቴ ሞቷል፤ እግዜር ልጅ አልሰጠንም። እሁድ እሁድ ቅዳሴ እሄዳለሁ፣ በቀረው ቀን ቤቴ ነኝ። ብዙ የማወራ ሰው አይደለሁም።

ካሜራውን የገዛሁት ለዓይኔ ሕክምና አዲስ አበባ በሄድኩ ጊዜ ነው። በሱቁ ውስጥ ከነበሩት ዲጂታል ካሜራዎች ርካሹ እሱ ነበር። ሻጩም አልደበቀኝም፤ "ለጀማሪ ይሆናል፣ እናቴ" ነው ያለኝ። ብርማ ነው፣ መዳፍ ውስጥ ይገባል፣ የሚሠራው በሁለት የባትሪ ድንጋይ ነው። ድንጋዩን ቶሎ ይጨርሳል። ሌላው ጉድለቱ መዘግየቱ ነው። ቁልፉን ስትጫኑት ወዲያው አያነሳም፤ ትንሽ ያስባል። ክርስትና ላይ ውሃው በሕፃኑ ራስ ላይ ሲፈስ ብጫን፣ የሚወጣው እናትየው ራሱን ስታደርቅለት ነው። እያደር ጠባዩን ለመድኩትና ቀደም ብዬ መጫን ጀመርኩ።

ሞባይል በየሰዉ ኪስ ያልገባበት ጊዜ ነበር። በዘመድ ሰርግና ክርስትና ላይ አነሳለሁ፣ መናኸሪያው አጠገብ ካለ ፎቶ ቤት አሳጥቤ ለባለቤቶቹ እሰጣለሁ። በገጠር ግን ካሜራዬን የሚያምነው ጥቂት ሰው ነው። ሰዉ የሚያውቀው ፊልም ተጠቅልሎ የሚገባበትን ካሜራ ነበር። በተለይ ታምራት ይቀልድብኛል።

"እትዬ ማርታ፣ ፊልም የሌለው ካሜራና ጥይት የሌለው ጠመንጃ አንድ ነው" ይለኛል።

"ውስጡ ነው ያለው" እለዋለሁ። ከዚያ በላይ አላስረዳሁትም። እኔም ከዚያ በላይ ብዙ አላውቅም።

ወንድሜ ከሆመቾ ወዲያ ባለው በአባታችን መሬት ላይ ነበር የሚኖረው። በዚያ ዓመት መሬት እየለኩ ለየገበሬው የይዞታ ወረቀት የሚሰጡ ሰዎች ይመጣሉ ተባለ። ያን ጊዜ ወንድም ከወንድሙ ሳይቀር በድንበር ተጣላ። አንድ ቀን ከሆመቾ የመጣ ሰው የሄራሞን መልእክት አመጣልኝ፦ "ላምቤቦ ድንበር እየገፋ ነው። ካሜራሽን ይዘሽ ነይ።"

ሄድኩ። እሱ ቤት አደርኩና በማለዳ ወደ ድንበሩ ስንወርድ ወንድሜ ሥራዬን አስረዳኝ።

"እሱ እጁን ሲያነሳ ብቻ ነው የምታነሺው። እኛን እንዳታነሺ።"

"ካሜራ እኮ ወዲህና ወዲያ አያውቅም፣ ሄራሞ።"

"ያንቺ አይደለም እንዴ?"

"የእኔ ነው።"

"ያንቺ ከሆነ ለእኛ ይመሰክራል። የእኔ በሬ የሰው እርሻ ያርሳል እንዴ?"

ታምራት ሳቀ። ዶማውን ለምን እንደያዘ አልጠየቅኩትም። በዚያ አገር ዶማ ይዞ የሚሄድ ሰው አይጠየቅም።

ላምቤቦን ከልጅነቴ አውቀዋለሁ። አብረን ነው ሚሲዮን ትምህርት ቤት የሄድነው፤ ከፊደል ብዙም ሳይርቅ አቋረጠ እንጂ። ሲያየኝ ሳቀና በሀድይኛ ሰላምታ ሰጠኝ።

"ማርታ! ሄራሞ ካሜራ ያስጠራው ሰርግ አለ እንዴ? እኔን ሳይጠሩኝ?"

"የሌባ ሰርግ ነው" አለ ታምራት። "ሙሽራው አንተ ነህ።"

"አንተ ልጅ፣ አባትህ ቆሞ አንተ አትናገር።"

ሄራሞ ዱላውን ወደ ክፍተቱ ዘረጋ። "ላምቤቦ፣ ችግኙን ንቀል። ኮርቹን የተከለው አባቴ ነው።"

"የተከለው አባትህ ነው። የሞተው ግን በእኔ በኩል ነው።"

"ንቀል አልኩህ!"

"እንሰት የተከለ እጅ እንሰት አይነቅልም። ከቻልክ አንተ ንቀል፣ ጎረቤት ይይህ።" ይህን ብሎ ወደ እኔ ዞረ። ጥርሱ ይታያል። "አንሺኝ ማርታ። ለልጆቼ መታሰቢያ ይሆናል። አባታችን ሲሠራ እንጂ ሲለምን አልሞተም ይላሉ።"

በእኛ አገር እንሰት መትከል ቤት መሥራት ማለት ነው። መሬት ለኪዎቹ ሲመጡ ችግኙ ሥር ይዞ ከቆያቸው ክፍተቱ የላምቤቦ ሆኖ ይቀራል። ተክሉን መንቀል ደግሞ በአደባባይ ጠላትነትን ማወጅ ነው። ወንድሜ ይህን ስለሚያውቅ አልነቀለም። የፈለገው ላምቤቦ እጁን እንዲያነሳና፣ ሊመታኝ ነው የሚልበት ፎቶ እንዳነሳለት ነበር።

ላምቤቦ ቀና አለ። ላቡን ሊጠርግ ይሁን ኮርቹን ሊያሳይ አላውቅም፣ ቀኝ እጁን ከፍ አደረገ።

"አንሺ!" አለ ሄራሞ።

ቁልፉን ተጫንኩ። ካሜራው ማሰብ ጀመረ።

ላምቤቦ እጁን አወረደ። አጠገቡ ከተከመረው አንድ ችግኝ በሁለት እጁ አንስቶ ወደ ጉድጓዱ ጎንበስ አለ። በካሜራው ትንሽ መስኮት ውስጥ ታምራት ከግራ በኩል ሲገባ አየሁት። ክፍተቱን በሁለት እርምጃ አለፈ። ዶማው ከትከሻው ተነስቶ ከራሱ በላይ ወጣ። ያን ጊዜ ካሜራው አነሳ።

ዶማው ወረደ። ድምፁ እርጥብ ግንድ ሲፈለጥ የሚሰማው ዓይነት ነበር። ላምቤቦ አልጮኸም። ችግኙን እንደያዘ በግንባሩ አፈሩ ላይ ተደፋ። ታምራት ዶማውን ሲነቅለው የላምቤቦ ራስ አብሮ ተነሳና ተመልሶ ወደቀ።

ዮሐንስ ዞረ። መጀመሪያ የገባው አልመሰለኝም። ከዚያ እንደ ወይፈን እየጮኸ መጣ። ዶማውን በታምራት ላይ ሲያወርድ ታምራት ሸሸው፤ ወንድሜ በመሃል ዱላውን ይዞ ገባ። ብረቱ ክንዱ ላይ አረፈ። አጥንቱ ቆዳውን ቀዶ ሲወጣ አየሁ። ሄራሞ ተቀመጠ፤ ክንዱን የሌላ ሰው ዕቃ ይመስል በጉልበቱ ላይ አስቀመጠው።

ዮሐንስ ዶማውን ጥሎ አባቱን አቀፈ። ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ሊዘጋው ሞከረ። የሚዘጋ አልነበረም። ደሙ ደረቱን፣ ጭኑን፣ የጣለውን ዶማ ሳይቀር አለበሰው። "አባ፣ አባ" ይላል እንጂ ሌላ ቃል አልወጣውም።

ታምራት የራሱን ዶማ ይዞ ወደ ጓሮው ሮጠ። ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ጥሎት ባዶ እጁን ተመለሰ። ቀጥ ብሎ የመጣው ወደ እኔ ነው።

"ስጪኝ።"

አልሰጠሁትም። ጆሮዬ ላይ በቡጢ መታኝ። ስወድቅ የካሜራው ማንጠልጠያ እጄ ላይ ተጠምጥሞ ነበር፤ እጄን ጠምዝዞ አወጣው። እዚያው ቆሞ ገለባበጠው። በሥሩ በኩል ያለውን ክዳን አገኘና ከፈተ። ሁለቱ የባትሪ ድንጋዮች ወደ እንሰቱ ቅጠል ወደቁ። ክፍቱን ካሜራ ወደ ፀሐይ አዞረው፤ ብርሃን በደንብ እንዲገባበት ወዲያና ወዲህ አደረገው። ፊልም ፀሐይ ሲያየው እንደሚቃጠል ከተማ ፎቶ ቤት ሰምቷል። ፎቶው ጥፍር በምታህል ካርድ ላይ እንዳለ፣ ካርዷንም ፀሐይ እንደማያቃጥላት አልሰማም።

"አለቀ፣ ተቃጥሏል" ብሎ ካሜራውን ደረቴ ላይ ወረወረው። ትንፋሹ ይቆራረጣል። "ስሚኝ፣ እትዬ። ዮሐንስ እኔን ሊመታ ሲል ስቶ አባቱን መታ። እኔ ባዶ እጄን ነበርኩ። ያየሽው ይህን ነው።"

ከዚያ ኡኡታውን አቀለጠው።

ጎረቤት ግልብጥ ብሎ መጣ። ያገኙት አንድ ሬሳ፣ አንድ ክንዱ የተሰበረ ሰው፣ አንድ በደም የተነከረ ዶማና በደም የተነከረ ልጅ ነው። ታምራት እየጮኸ ተናገረ። ሄራሞ ጥርሱን ነክሶ "እውነት ነው" አለ። አባቱን የገደለ ሰው አጠገብ መቆም ያስፈራል፤ መምታት ግን አላስፈራቸውም። በዱላ፣ በእርግጫ፣ ከአጥሩ በነቀሉት እንጨት ቀጠቀጡት። ከአባቱ ላይ ሊያላቅቁት ጣቶቹን አንድ በአንድ ከፈቱ። አንዱ ዓይኑ ተዘጋ፣ ከንፈሩ ተተረተረ። የቀበሌ ሚሊሻዎች መጥተው በገመድ ሲያስሩት እንኳ አንዲት ሴት በድንጋይ ግንባሩን ፈነከተችው። ዮሐንስ ዞሮ አየኝ። የሚያየው ሰው አፍ የሌለው ይመስል ምንም አልጠየቀኝም።

እኔ መሬት ላይ ተቀምጬ ነበር። ሰዉ ሬሳውን ሲያነሳ፣ ከእንሰቱ ቅጠል መሃል ሁለቱን የባትሪ ድንጋዮች ፈልጌ በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርኳቸው።

ከሰዓት በኋላ ወንድሜን ከጤና ኬላው ክንዱን አስረው መለሱት። ብቻዬን በሆንኩበት ሰዓት ድንጋዮቹን ጠርጌ ከተትኩ። ካሜራው በራ። ጥግ ላይ ቀይ ምልክት ትጠፋለች፣ ትበራለች፤ ድንጋዩ ሊያልቅ ነው። ፎቶውን አየሁት። ላምቤቦ ጎንበስ ብሏል፤ ሁለት እጆቹ ችግኙ ላይ ናቸው። ታምራት ከላዩ ነው፤ ዶማው ሰማይ ላይ ነው። ከርቀት የዮሐንስ ጀርባ ይታያል። ካሜራውን ፈጥኜ ዘጋሁት። ደግሜ ካየሁት ነገ የሚያሳይ ኃይል አይተርፈውም።

ሄራሞ አስጠራኝ። ተጋድሟል፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

"ነገ ከቀብር በኋላ ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ። አንቺን በምስክርነት አስመዝግቤሻለሁ። የተማርሽ ነሽ፣ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነሽ፤ ቃልሽን ይሰማሉ። ምን ትያለሽ?"

"የጠየቁኝን።"

"የጠየቁሽን አይደለም። የነገርንሽን።"

የካሜራውን ማንጠልጠያ እጄ ላይ ጠመጠምኩ።

"ላምቤቦ ከእንግዲህ አይመለስም፣ ማርታ። ታምራት ግን ያለኝ አንድ ልጅ ነው።"

"ዮሐንስስ?"

"ዮሐንስ የላምቤቦ ነው።" ዓይኑን ጨፈነ። "ካሜራውን ለምን ታቅፈሽዋል? ተቃጥሎ የለም?"

"የእኔ ስለሆነ ነው" አልኩት።

ለማያውቅ አንባቢ አንድ ነገር ልንገር። በእኛ ዘንድ ሰው ሲገደል የገዳይ ወገን ቤቱን ጥሎ ይሸሻል፤ ርቆ ተቀምጦ ነው ሽማግሌ የሚልከው። ወንድሜ ከነቤተሰቡ አልሸሸም። አለመሸሹ ከምስክር በላይ መሰከረለት። ደግሞ ለማንም ገዳይ ጥፋቱን ከተናገረ እርቅ አለው፤ አባቱን ለገደለ ግን ለእርቅ ሽማግሌ አይቀመጥለትም። ከማን ጋር ያስታርቁታል? ከጎሳው ይወጣል፤ እናቱ እንኳ በራፏን አትከፍትለትም። ለዮሐንስ የቀረበለት ይህ ነበር። እስራቱ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው።

በማግሥቱ ላምቤቦ ተቀበረ። ዮሐንስ አባቱን አፈር እንዲያለብስ አልተፈቀደለትም፤ ፖሊሶች እጁን የፊጥኝ አስረው ከሩቅ አቆሙት። ሕዝቡ በመንደሩ መስክ ላይ ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹ ከፊት ናቸው፤ ዋናው አባ ሎምበሶ የሚባሉ ሸምገል ያሉ ሰው ነበሩ። የላምቤቦ ሚስት አበበች መሬት ላይ ተዘርራ ነበር። ፊቷን በጥፍሯ ቧጭራዋለች።

"ባሌን ቀበርኩ" አለች ቀና ብላ። "ልጄን ደግሞ በቁሙ ልትቀብሩብኝ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ንገሩኝ፤ በእርግጥ እሱ ነው?"

"እሱ ነው!" አለ ታምራት ከመሃል። "በዓይኔ አይቻለሁ!"

አባ ሎምበሶ ዱላቸውን አነሱ። "ያየች ሴት አለች ተብሏል። ትነሳ።"

ተነሳሁ። ሄራሞ ባልተሰበረው እጁ ዱላውን ይዞ ከጎኔ ቆመ።

"ልጄ፣ ምን አየሽ? አውጪው።"

ካሜራውን ከነጠላዬ ሥር አወጣሁና ወደ እሳቸው ሄጄ ቁልፉን ተጫንኩ። ቀይዋ ምልክት በራች፤ ፎቶው መጣ።

"አባቴ፣ እኔ አልናገርም። ይዩት።"

ፀሐዩ ከባድ ስለነበር መስኮቷ ላይ የሚታይ ነገር አልነበረም። አባ ሎምበሶ ጋቢያቸውን በራሳቸው ላይ ተከናንበው ካሜራውን ወደ ውስጥ አስገቡት። ከጋቢው ወጡ። ካሜራውን ለሚቀጥለው ሰጡ። እሱም ተከናንቦ አየና ወጣ። ሦስተኛውም አየ። አራተኛው ተከናንቦ ትንሽ ቆየ። "ጠፋብኝ፣ ጨለመ" አለ። ድንጋዩ አልቋል።

ታምራት ብድግ አለ። "ውሸት ነው! ምንም የለውም! ፊልሙን እኔ ራሴ ነኝ ያቃጠልኩት!"

አባ ሎምበሶ ቀስ ብለው ዞሩ። "ፎቶው ላይ ምን ስለነበረ ነው ያቃጠልከው፣ ልጄ?"

ታምራት ግራና ቀኙን አየ። ከዚያ ሮጠ። የላምቤቦ ወገኖች በመስኩ ጫፍ ደረሱበት። የሚወረውሩት ድንጋይ ሲያርፍበት ይሰማል። ጥርሱ፣ አፍንጫው፣ ጉልበቱ። ሚሊሻው ወደ ሰማይ ተኩሶ እስኪያስጥለው ድረስ ፊቱ ፊት አልነበረም። አበበች ልጇ ዘንድ በጉልበቷ ሄዳ ገመዱን በጥርሷ መፍታት ጀመረች። ፖሊሶቹ አልከለከሏትም።

የወንድሜን ዱላ አላየሁትም። መንጋጋዬ ላይ ነው ያረፈው። ወደቅኩ። ሁለተኛው ግራ ጆሮዬን አገኘው፤ ሦስተኛውን ሰዎች ያዙት።

"ልጄን ገደልሽው" አለኝ። አልጮኸም። "የአባቴ ልጅ አይደለሽም። ብሞት እንዳትመጪ።"

ይህን የምታነቡ፣ ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት አልፏል። ታምራት ተፈረደበት። ወንድሜ እንደ ወጉ አገሩን ለቆ ወደ ዱራሜ በኩል ሄደ፤ እዚያው ሞተ። አልተነገረኝም። መናኸሪያ ውስጥ ዕቃ ከሚጭን ሰው ነው የሰማሁት፣ ያውም ከተቀበረ በኋላ። ዮሐንስ ችግኞቹን እዚያው ተክሏቸዋል፤ ዛሬ ቤት ያህል እንሰት ሆነዋል ይላሉ። ካሜራው ፖሊስ ዘንድ በኤግዚቢትነት ቀረ። መልሱልኝ አላልኩም፤ ሌላም አልገዛሁም። በግራ ጆሮዬ አልሰማም።

እውነት ተናገርሽ ብለው የሚያመሰግኑኝ አሉ። እኔ አልተናገርኩም። የካሜራው ድንጋዮች አባ ሎምበሶ እጅ ሳይደርሱ አልቀው ቢሆን ኖሮ፣ ያን ሁሉ በአፌ እናገረው ነበር ወይ? ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄአለሁ፤ መልሱን አላገኘሁም። የማውቀው ይህን ነው፤ ወንድሜ የእኔ ዕቃ ስለሆነ ለእኛ ያደላል አለ። እኔም የእሱ እህት ስለሆንኩ ለእሱ እንደማደላ ቆጠረ። ሁለታችንንም አላወቀንም። እናንተም ቤታችሁ የምታስቀምጡት ዕቃ፣ ከጎናችሁ የምታቆሙት ሰው፣ የእናንተ ስለሆነ ብቻ የምትሉትን ይላል ብላችሁ አትመኑ። አሁን ሁሉም ሰው ካሜራ በኪሱ ይዞ ይዞራል፣ ወዲያውም ያነሳል። የእኔ ፈጣን ቢሆን ኖሮ፣ የሚወጣው ላምቤቦ እጁን ወደ ላይ እንዳነሳ ነበር።

በዚያ ቀን መስኩ ላይ ማንም አላነሳኝም። በራሴ ተነሳሁ። አፌን የሞላውን ደም ተፋሁ፤ ጥርስ ነበረበት። ነጠላዬን ከሣሩ ላይ አንስቼ አገጬን ጠቀለልኩ። ካሜራው በአባ ሎምበሶ ጉልበት ላይ ነበር፤ ሊሰጡኝ ዘረጉት፣ በእጄ እምቢ አልኩ። ሕዝቡ ግራና ቀኝ ተከፈለልኝ። በወንድሜ ፊት አልፌ፣ የኮርቹን ረድፍ ይዤ፣ ወደ ሆመቾ መንገድ ወጣሁ።